ጤፍ በጥር፣ በርበሬ በታኅሣሥ፣ ቅቤ በሁዳዴ፦ የቱን መቼ ብንገዛ ያዋጣል?

እኛ ቤት የዓመቱ ከባድ ወር መስከረም ነው። የልጆች ክፍያና ደብተር፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲሟጠጥ የከረመው የጤፍ ጆንያ፣ ያለቀው በርበሬ፤ ሁሉም አንድ ደመወዝ ላይ ይረባረባሉ። ለረጅም ጊዜ ነገሩን የገቢያችን ማነስ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። አራት ዓመት ያህል የገዛሁትን ዕቃ፣ ቀኑንና ዋጋውን በአንድ ደብተር ላይ ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ ግን ሌላም ነገር ታየኝ። ትልልቁን ግዢ የምንፈጽመው ዕቃው በዓመቱ ውስጥ እጅግ በተወደደበት ሳምንት ነው። የምንገዛው ሲያልቅብን ወይም በዓል ሲደርስ ነዋ! ነጋዴውም ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ሱቅን ከሱቅ ሳይሆን ወርን ከወር ነው። የማስበው አዲስ አበባ ውስጥ በደመወዝ የሚተዳደር፣ አራት አምስት ሰው ያለበትን ቤት ነው፤ ክልል ከተማ ያላችሁ ወሩን ሳትቀይሩ ዋጋውን በራሳችሁ ገበያ ተኩት።

አስቀድሞ መግዛት ሁልጊዜ ያዋጣል የሚል ሰው ካለ አትመኑት። አንድን ዕቃ ከወቅቱ ቀድሜ ለመግዛት ሳስብ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ዋጋው የሚወርድበት ምክንያት በየዓመቱ የሚመላለስ ነው? ዕቃው ቤት ውስጥ ሳይበላሽ ይከርማል? እዚያ ላይ የሚታሰረው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ይሠራ ነበር? ሦስቱንም በደንብ የሚያልፍ ዕቃ ጥቂት ነው። በርበሬ ያልፋል። ጤፍ በጭንቅ ያልፋል። ቅቤ ከተነጠረ ያልፋል። ሽንኩርት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል፣ ቴሌቪዥን ደግሞ ገና ከመጀመሪያው።

ከሁሉ በፊት በርበሬ

በዓመት አንድ ነገር ብቻ በወቅቱ የመግዛት አቅም ካላችሁ በርበሬ ይሁን። ዛላው በክረምቱ ዝናብ ያድግና ከጥቅምት ጀምሮ ከሀላባ፣ ከማረቆ፣ በጎጃም በኩል ደግሞ ከቡሬ አካባቢ መግባት ይጀምራል። እስከ ጥር ድረስ ገበያው ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሸጠው መጋዘን የከረመ ስለሆነ የነጋዴው የማስቀመጫ ወጪ፣ ስጋቱና ትርፉ እየተደመረበት ይሄድና ሐምሌና ነሐሴ ላይ እሳት ይሆናል።

ታዲያ ጥቅምት ይሻላል ወይስ ታኅሣሥ? በኪሎ ዋጋ ካየነው ጥቅምት ብዙ ጊዜ ያታልላል። እኔም ተታልያለሁ። አንድ ዓመት 15 ኪሎ ዛላ በጥቅምት አጋማሽ ገዛሁ፤ ሻጩ «እህቴ፣ ከማሳ የመጣ ነው፣ እንዳታሳልፊው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከማሳ የመጣ ነበር፤ ውሃውንም ይዞ። ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ አስጥቼ ስመዝነው 13 ኪሎ አልሞላም፤ ውስጡ ሻጋታ የያዘውን ለቅሜ ስጥል ደግሞ የባሰ ቀነሰ። በኪሎ ያተረፍኩትን በሚዛን መለስኩት። ከዚያ ወዲህ የምገዛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ምርቱ ገና ብዙ ነው፣ ዛላውም ደርቋል።

ድርቀቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። ዛላውን ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንሿሿል። እጠፉት፤ እንደ ቆዳ ከታጠፈ እርጥብ ነው፣ ከተሰበረ ደርቋል። ከጆንያው አፍ ላይ ሳይሆን ከመሀሉ አውጥታችሁ ሞክሩ፤ ውሃ የሚያርከፈክፍበት ሰው ላዩን አስጥቶ ነው የሚያቀርበው። ቆርጣችሁ ስታዩ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለ ርካሽ ነው ብላችሁ አታመቻምቹ፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ ለጤና የሚያሰጋ ነው፣ በመቀቀልም አይጠፋም።

ታኅሣሥን ከግንቦት የሚያስበልጠው ሌላው ነገር ፀሐይ ነው። በርበሬ ተገዝቶ ብቻ አያልቅም፤ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ ከዚያ ይሰጣል። በበጋ ፀሐይ በጥቂት ቀን የሚደርቅ ድልዝ በበልግ ዝናብ መሀል ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በክረምትማ አይታሰብም። ሐምሌ ላይ ያለቀበት ሰው የተፈጨውን ከመግዛት ሌላ ምርጫ የለውም፤ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ የሚያውቀው የፈጨው ብቻ ነው። ዛላ ስትገዙ ዘንጉ፣ ግንጥሉና ወፍጮው የሚወስደው ይኖራልና ከተፈጨው ጋር ዋጋውን በቀጥታ አታወዳድሩ፤ ቅመሙን፣ የወፍጮውንና የአጋዥ ሠራተኛውን ደምራችሁ በተጣራው ኪሎ አካፍሉት። እኔ እንዲህ ሳሰላው ከታኅሣሥ ዛላ የሠራሁት ከነሐሴው ዝግጁ በርበሬ ያነሰበትን ዓመት እንጂ የበለጠበትን አላየሁም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ተረቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ድስት ጥዳ ያለቀሰችው በክረምት መሆን አለበት።

ጤፍ፦ ትርፉ ያለው ሦስተኛው ጆንያ ላይ ነው

ጤፍ ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ተወቅቶ ከአድአ፣ ከምንጃር፣ ከጎጃም ወደ እህል በረንዳ ይጎርፋል። ገበሬው ግብሩን፣ የማዳበሪያ ዕዳውንና የጥር ሠርጉን ለመሸፈን በዚያው ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ይረጋጋል። ክረምት ሲገባ ጎተራ ይራቆታል፣ መንገድ ይጨቀያል፣ ዋጋውም ይነሳል። በዚያ ላይ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ እንደ በቆሎና እንደ ስንዴ ነቀዝ አይደፍረውም። ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው። ከወለል ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃዋል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የዓመቱን በአንዴ ልግዛ» ሲል ነው። እስቲ እናስላው። ቁጥሮቹን ለማሳያ የያዝኳቸው ናቸው፤ የዘንድሮን ዋጋ ተክታችሁ ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ኩንታል ሦስት ወር የሚያቆየው ቤት ይኑር፤ በዓመት አራት ኩንታል ማለት ነው። ኩንታሉ በጥር 12,000 ብር፣ በሚያዝያ 12,500፣ በሐምሌ 14,000፣ በጥቅምትም 14,000 ይሁን። በባንክ ያለ ተራ ቁጠባ ደግሞ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ይከፍላል እንበል።

የመጀመሪያውን ጆንያ ጥር ላይ ገዝቶ ከጥር ጀምሮ መብላት ምንም ቁጠባ የለውም፤ ያው የዕለቱ ዋጋ ነው። ለሚያዝያ የሚቀመጠው ሁለተኛው 500 ብር ያተርፋል፤ ገንዘቡ ሦስት ወር ባንክ ቢቀመጥ 210 ብር ይወልድ ስለነበር የተጣራው 290 ብር ነው፤ አንድ ኪሎ ጤፍ ቢፈስ ደግሞ ከዚያ ላይ 120 ይሄዳል። ለሐምሌ የሚቀመጠው ሦስተኛው 2,000 ብር ያተርፋል፤ የስድስት ወር ወለዱ 420 ብር ሲቀነስ 1,580 ይቀራል። አራተኛው፣ ለጥቅምት የሚሆነው፣ ያው 2,000 ብር ቢያተርፍም ዘጠኝ ወር ስለሚታሰር 630 ብር ወለድ ይቀነስበታል፤ ለዘጠኝ ወር ቦታ ይይዛል፣ ለዘጠኝ ወርም አይጥ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ጥር ላይ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ለአንድ ኩንታል ብቻ ከሆነ፣ የሚያዋጣው ያንን ኩንታል ለሐምሌ አስቀምጦ እስከዚያ ከወፍጮ ቤት በኪሎ እየገዙ መብላት ነው። ጉዳዩ ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ጆንያ ግን ይጣራል። እኔ አፉን በወፍራም ክር ሰፍቼ ከላዩ ላይ «ሐምሌ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ዓመት ስቆ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ግን ክሩን የፈታው እሱ ነው።

ይህ ስሌት የሚፈርስበት ዓመትም አለ። በ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ፣ መኸር በገባ ማግሥት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጤፍ ዋጋ በድንገት አሻቅቧል፤ በወቅቱ እህል ጭኖ ወደ ከተማ መግባት ተቸግሮ ነበር። በታኅሣሥ የገዛ ያን ዓመት በእጥፍ ተጠቀመ፣ «የካቲት ላይ ይወርዳል» ብሎ የጠበቀ ተጎዳ። ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት ቢኖር ዝቅተኛውን ቀን ለመያዝ አለመሞከር ነው። ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ውስጥ ዋጋው ከጥቅምቱ ካነሰ ግዙ፤ ካላነሰ ደግሞ ለማከማቸት ብላችሁ አትበደሩ። የወለድ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ 7 በመቶ ወለድ ገንዘብን አላቆየም። ንረቱ ሲረግብ ግን ባንክ የተቀመጠ ብር ከጆንያው ጋር መፎካከር ይጀምራል፤ ገንዘብ ደግሞ ልጅ ሲታመም ይወጣል፣ ጤፍ ሐኪም ቤት አይወስድም።

ሌላ የምታዘበው ነገር አለ። ከማኛ ወደ ሰርገኛ የወረደ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ወቅት ጠብቆ ማኛ ከገዛው የበለጠ ይቆጥባል። ወሩን ከማሳደድ በፊት ዓይነቱን አስቡበት። ማኛ ለእንግዳና ለበዓል፣ ሰርገኛ ለዘወትር ቢሆን የሚያፍርበት ያለ አይመስለኝም፤ ለነገሩ ለሽሮ ሰርገኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የሚቀመጠው እህሉ እንጂ ዱቄቱ አይደለም፤ ዱቄት እየቆየ ሽታው ይለወጣል፣ ስለዚህ የሁለትና የሦስት ሳምንቱን ብቻ አስፈጩ። ስትገዙም ኩንታሉን ወፍጮ ቤት ባለ ሚዛን ላይ አስጭናችሁ እዩት፤ ጥቂት እፍኝ ደግሞ በሰፌድ አበጥሩ። 100 ኪሎ ተብሎ የተሸጠው 96 ሆኖ፣ ከሱም ሁለት ኪሎ አፈር ከወጣ፣ ከላይ ያየነው የሁለተኛው ጆንያ ትርፍ ገና ቤት ሳይደርስ አልቋል።

ጥራጥሬው ከጤፍ ይለያል። ሽምብራ የሚሰበሰበው ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ አተር፣ ባቄላና ምስርም ከኅዳር ጀምሮ ገበያ ላይ ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ የሽሮና የምስር ፈላጊው ስለሚበዛ የጾሙን አስቤዛ ከጾሙ ሁለት ሳምንት በፊት መያዝ ይጠቅማል። ለዓመት ማስቀመጥ ግን አልመክርም፤ ነቀዝ ጥሬ ሽምብራ ይወዳል። ተቆልቶ የተከካ ወይም ሽሮ የሆነ ይሻላል። ጥሬውን ማቆየት የግድ ከሆነ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ፒክስ ከረጢት አለ፤ ነቀዙን አየር በማሳጣት ይገድለዋል። ሰዎች በሚተኙበት ቤት ውስጥ ፎስቶክሲን የሚባለውን የእህል ኪኒን መጠቀም ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነው፤ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም።

ቅቤ፣ እንቁላልና የበዓል እንስሳ፦ የጾሙን አቆጣጠር ተከተሉ

የእነዚህ ዋጋ በዝናብ ብቻ አይመራም፤ ጾምና በዓል ከዝናቡ እኩል ይመሩታል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል፣ ሻጩ ግን ቅቤውን ማቆየት አይችልም። ሆሳዕና ሲደርስ ሁሉም ለፋሲካ መሯሯጥ ይጀምራል፣ ዋጋውም ይመለሳል፣ አልፎም ይሄዳል። ስለዚህ እኔ የምገዛበት ጊዜ ከቅድስት ሳምንት እስከ ደብረ ዘይት፣ ማለትም እስከ ጾሙ አጋማሽ ድረስ ነው። ገዝቶ ወዲያው መንጠር ያስፈልጋል። ያልተነጠረ ቅቤ ውስጥ ያለው ውሃና አሬራ ነው ቶሎ የሚያሻግተው፤ በደንብ የተነጠረ ግን በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ወራት ይቆያል።

የቅቤ ሌላው መልካም ወር ጥቅምት ነው። ሣሩ ለምልሟል፣ ላም ታልባለች፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ እስከ ገና ትልቅ በዓል የለም። ሁለቱን ሳነጻጽር በሁዳዴ ዋጋው ይቀንሳል፤ በጥቅምት የቅቤው ጥራት ይበልጣል። ለጋ ቅቤ ለምግብ የሚፈልግ ጥቅምትን፣ ለወጥ ንጥር የሚያከማች ሁዳዴን ቢይዝ ጥሩ ነው። አጭሩ የፍልሰታ ጾምም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ የእንቁጣጣሹን ቅቤ በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት መግዛት ጳጉሜን ላይ ከመጋፋት ያድናል።

የፋሲካ ቀን እንደሚዘዋወር አትርሱ። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ነው፤ ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ደብተር ስታዩ ወሩን ሳይሆን የጾሙን ሳምንት አወዳድሩ። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በ2018 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት፤ እንደዚያ ባለ ዓመት የአንዱ ጾም ዋጋውን ሲያወርድ የሌላው ማፍጠሪያ ያነሳዋል።

እንቁላል ጾም ሲያዝ ይረክሳል፤ ግን አይከርምም። የማይጾሙ ሕፃናት ያሉበት ቤት በየሳምንቱ ይጠቀምበታል እንጂ ለፋሲካ ብሎ ከደብረ ዘይት ጀምሮ ማጠራቀም ትርጉም የለውም።

ዶሮን ሦስት ሳምንት ቀድሞ መግዛት ብልህነት ይመስላል። ግቢ ላለው፣ መኖ በሽርፍራፊ ለሚሸፍን ሰው ነው እንጂ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ አይደለም። ከሦስት ዶሮ አንዱን ፈንግል ከወሰደው ቁጠባው በሙሉ አብሮ ሄደ። በግም ያው ነው፤ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ገዝቶ ማደለብ የሚያዋጣው ሣር ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ሥጋ ብቻ ለሚፈልግ ከአምስትና ከስድስት ጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባት፣ በሬውንም ከበዓሉ አሥር ቀን ቀድሞ መግዛት የተሻለ ነው፤ ግን የሚጠብቀውና የሚያበላው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የቅርጫ ጠብ የሚነሳው ከሥጋው አይደለም፣ ከገለባው ሒሳብ ነው።

ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ከሰል

ሽንኩርት በበጋ መስኖ ከመቂ፣ ከባቱና ከፎገራ ሲገባ ይረክሳል፤ ክረምት ላይ፣ በተለይ ወደ እንቁጣጣሽ ሲጠጋ፣ ይወደዳል። ማወቁ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ አንገቱ የደረቀ ቀይ ሽንኩርት አየር በሚያገኝ ቦታ ተበትኖ ጥቂት ሳምንት ይቆያል እንጂ ከግንቦት ለመስከረም አይደርስም። ለበዓል የሚሆነውን አሥር ቀን ቀድሞ መግዛት ይበቃል። ቁጠባው ያለው ከጊዜው ይልቅ ከቦታው ላይ ነው፤ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ድረስ ሄዶ ከጎረቤት ጋር አንድ ጆንያ መካፈል ወይም የእሁድ ገበያ መጠበቅ ከጉሊት ይሻላል። ቲማቲምን በተመለከተ ዝናብ ሲበዛ ይበላሻል፣ ይወደዳል፤ ያኔ መቀነስ ነው።

ከሰል ግን ወቅት አለው። ክረምት ሲገባ ማክሰሉም ማጓጓዙም ይከብዳል፤ ሐምሌ ላይ የሚሸጠው ውድ ብቻ ሳይሆን እርጥብም ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ገዝቶ ዝናብ የማይነካው ቦታ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ አይሻግትም፣ አይነቅዝም። የሚሸጠው በማዳበሪያ እንጂ በኪሎ ስላልሆነ የግራሩን ምረጡ፤ ክብደት አለው፣ ፍሙም ይቆያል። የባህር ዛፉ ቀሎ ቶሎ አመድ ይሆናል። በዝናብ ሰሞን ግን ክብደት ከውሃም ሊሆን ስለሚችል በዚህ መለያ አትተማመኑ።

ወቅት የማያውቁ ዕቃዎች

ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የተሠራበት ዕቃ፣ ከውጭ የሚገባ ዘይት፤ የእነዚህ ዋጋ መኸርን አይጠብቅም፣ ዶላርን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። «እስከ መስከረም ባዛር ልጠብቅ» ብሎ የቆየ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት አያስቸግርም። ለእነዚህ ያለኝ ምክር አጭር ነው፦ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነና ገንዘቡ ካለ ቅናሽ አትጠብቁ፤ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ «ይጨምራል» በሚል ፍርሃት አትግዙ። ዘይት ላይ የሚያበቃበትን ቀን ሳታዩ አታከማቹ።

ሶፋና አልጋ ከሁለቱ መሀል ናቸው። እንጨት ቤቶች ሥራ የሚበዛባቸው ከጥር ሠርግ በፊትና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን ነው። በሁዳዴ መሀል ወይም ሐምሌ ላይ የሄደ ሰው ለድርድርም፣ በቃላቸው ለማድረስም የተሻለ ዕድል አለው። የሀበሻ ልብስም እንዲሁ፤ ሽሮ ሜዳ በጥምቀት ዋዜማና በየካቲት መጨረሻ አንድ ገበያ አይደለም።

መስከረምን ማቅለል

ወደ መነሻዬ ልመለስ። ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መወደድ ይጀምራሉ፤ ትምህርት ተጀምሮ ጥቅምት ሲገባ የተረፋቸውን የሚሸጡ ሱቆች ይደራደራሉ። ደብተር አይበሰብስም። የሚቀጥለውን ዓመት በደርዘን ያኔ መግዛት ይቻላል፤ ወይም ቢያንስ ሰኔ ላይ። ጫማና ዩኒፎርም ግን ቀድማችሁ አትግዙ፤ ልጁ ክረምቱን ሲያድግ ይከርማል። ለልጄ በሰኔ የገዛሁት ጫማ መስከረም ላይ ለእህቴ ልጅ ደርሶ ያውቃል።

የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ባዛር ላይ «ታላቅ ቅናሽ» የሚለው ጽሑፍ ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደቀነሰ አይናገርም። የምትፈልጉትን ዕቃ ወር ቀድማችሁ መርካቶ ላይ ዋጋውን ጠይቃችሁ ደብተራችሁ ላይ ከያዛችሁ ብቻ ሂዱ። የመግቢያ፣ የታክሲና የልጆች አይስክሬም ወጪም የዋጋው አካል ነው። ከሄዳችሁ አይቀር የመጨረሻው ቀን ማምሻ ይሻላል፤ ዕቃውን መልሶ መጫን የሚያስጠላው ነጋዴ ያኔ ጆሮ ይሰጣል። ምርጫው ግን የተራረፈ ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

ይህ ሁሉ «ጥር ላይ ትርፍ ብር ካለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። ደመወዝተኛ ቤት ውስጥ ትርፍ ብር በራሱ አይመጣም። የሞከርኳቸው ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው እቁብ ነው። በየወሩ የሚጣል የአሥር ሰው እቁብ በየካቲት ጀምሮ ኅዳር ላይ ቢያልቅ፣ የመጨረሻውን ዕጣ የወሰደ ሰው በርበሬውን በሙሉ ገንዘብ ይገዛል። ብዙ ሰው ቀድሞ እንዲወጣለት ስለሚጸልይ «እኔ መጨረሻ ልሁን» ለሚል ዳኛው እምቢ አይልም። ጉዳቱ ገንዘቡ ያለ ወለድ መቀመጡ ነው፤ ጥቅሙ መንካት አለመቻላችሁ። እኔን ከባንክ ይልቅ እቁብ ነው የረዳኝ፣ ምክንያቱም ከባንክ በስልክ ማውጣት ይቻላል።

ሁለተኛው በጋራ መግዛት ነው። ሦስት ጎረቤት ሆነን ከእህል በረንዳ ስንገዛ የመኪናውንና የተሸካሚውን ወጪ እንካፈላለን፣ አንዷም ዋጋ ተከራክራ ታሳምናለች። እትዬ የምንላት ታላቃችን ባትኖር ኖሮ እኔ የተጠየቅሁትን ከፍዬ ነበር የምመለሰው። የሚከብደው ጥራት ላይ መስማማት ነው፤ አንዷ ማኛ ሌላዋ ሰርገኛ ከፈለገች ነገሩ ይፈርሳል።

ሦስተኛው ብድር ነው፤ ለማከማቸት ብሎ መበደርን ትቼዋለሁ። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ የሦስተኛው ጆንያ ትርፍ 1,580 ብር ነበር። በ12,000 ብር ላይ ለስድስት ወር የብድር ወለድና የአገልግሎት ክፍያ ሲታሰብ ከዚህ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ዋጋው እንደተጠበቀው ካልጨመረ ደግሞ ዕዳው ብቻ ይቀራል።

ውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ የምትልኩም እዚህ ላይ ድርሻ አላችሁ። አብዛኛው ገንዘብ የሚላከው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ማለትም ገበያው እጅግ በተወደደበት ቀን ይደርሳል። በዓመት አራት ጊዜ የምትልኩ ከሆነ አንዱን ወደ ታኅሣሥ መጀመሪያ አምጡትና «ይህ የበርበሬና የጤፍ ነው» ብላችሁ ለይታችሁ ላኩ። እናት ለይቶ የተነገራትን ገንዘብ ለሌላ አታውለውም፤ ሳይነገራት የመጣውን ግን ለልቅሶውም ለሠርጉም ታካፍለዋለች።

ዘንድሮ የምትጀምሩ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ዓመት አትሞክሩ። ኅዳር ሲያበቃ በርበሬውን ግዙ፤ አቅም ከተረፈ ጥር ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ጨምሩ፣ አፉን ስፉትና «ሐምሌ» ብላችሁ ጻፉበት። ደብተሩን ግን ዛሬውኑ ክፈቱት፤ ዕቃው፣ ቀኑ፣ ኪሎው፣ ዋጋው፣ የተገዛበት ቦታ፣ ጾም ከሆነም የጾሙ ሳምንት።